የማበጠሪያው ስም

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት እንደከለከለዎ ከሰው ሰምቻለሁ፤ አሁንስ እንዴት ሆነልዎ? ዓይንዎ ይህን ያለ መነጽር ያነባል? ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ የምጽፈው ለዚያ ነው። ልጆችዎም የልጅ ልጆችዎም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጤናዎን ያልጠየቀች ሴት ዛሬ ተነሥታ ስትጠይቅ ሳይገርምዎ አይቀርም። ቢሆንም ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመር አልችልበትም።

የኔን ከጠየቁ፣ በልቼ አድራለሁ፤ እጄም ገና መርፌ ይይዛል። ማተሚያ ቤቱ ጡረታ ካወጣኝ ወዲህ ያረጁ መጻሕፍት ቤቴ ድረስ ያመጡልኛል፤ ጥራዛቸውን እየፈታሁ እንደገና እሰፋለሁ። ደህና ነኝ ማለት ግን አልችልም። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የቀመስኩት ሁሉ ያቅለሸልሸኛል።

ሐሙስ ዕለት ወንድምዎን ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሆስፒታል ጠርቶኝ ነበር። የአንጎል ክፍሉ የተቋቋመበት አሥረኛ ዓመት ነው፤ በአዳራሽ ስብሰባ ስላለ በክብር እንግድነት ይገኙልን የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ወንድምዎ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የሟች ሚስት ምን ልትሠራላቸው ይሆን እያልኩ ሄድኩ። ያችን ግራጫ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። ሳስበው ያ መወልወሌ ራሱ ያስጠላኛል።

መብራቱን አጠፉና ግድግዳውን ያከለ ስዕል አመጡ። መጀመሪያ ሥጋ ቤት የተሰቀለ ነገር መሰለኝ። ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ቀያይ ክሮች ይሄዱበታል፤ ላዩ ላይ የጥፍር ያህል የሚሆኑ ነጫጭ ብጣሽ ወረቀቶች ተበትነው፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። የወንድምዎ አንጎል ነው እትዬ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ብስኩት ትቆረጥም ነበር፤ ስዕሉ ሲመጣ እንኳ አላቆመችም። ሐኪሙ ቀይ ብርሃን በሚተፋ መጠቆሚያ እየነካካ ያስረዳል፤ ቀይዋ ነጥብ እንደ ዝንብ እየዞረች ባሌ ላይ ታርፋለች። ስሙን አልጠራውም፣ «ጉዳይ አሥራ አንድ» ነው የሚለው። ለክብሩ ሲባል ስም አይጠራም አሉኝ ኋላ ስጠይቅ። ለክብሩ ሲባል ራስ ቅሉን ከፍቶ ለብስኩት በላተኛ ማሳየት ግን አልተከለከለም።

እነዚያ ቁጥሮች ምን እንደሆኑ ልንገርዎ፤ እርስዎ ያን ጊዜ እናታችሁን፣ እማማን፣ እያስታመሙ ስለነበር ማንም አላስረዳዎትም። አንጎሉ ላይ ከበቀለው ዕጢ ጋር የንግግሩን ቦታ አብረው እንዳይቆርጡበት፣ ራሱን ከከፈቱ በኋላ ከእንቅልፉ ያነቁታል። አንጎል ሲነካ አያምም ይላሉ። ሐኪሙ በቀጭን ዘንግ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነካዋል፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከፊቱ ተቀምጣ ስዕል ታሳየዋለች፣ እሱ ስሙን ይናገራል። ዘንጉ ባረፈበት ጊዜ ቃሉ ከጠፋበት ያ ቦታ የቋንቋ ነው፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ቢላ አይደርስበትም። ቃሉ ካልጠፋበት ቦታው ነፃ ነው፣ ይቆረጣል። እንዲህ እያሉ እንደ መሬት ቀያሽ ካርታ ያወጣሉ።

አሁን የማያውቁትን ልነግርዎ ነው። ከዚህ በላይ ማንበብ ካልፈለጉ ወረቀቱን እዚህ አጥፈው ያስቀምጡት፤ አልቀየምዎትም።

ከተጋባን ጀምሮ እማማና እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጡ ነበር። ሦስታችሁ በእናታችሁ ቋንቋ ወሬ ትይዛላችሁ፣ ትስቃላችሁ፤ እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ዝም ትላላችሁ፤ ወይም ዝም ያላችሁ ይመስለኛል። የምታሙት እኔን ነው ብዬ ቆረጥኩ። ያለ ጥሎሽ የመጣች፣ ማንበብ የማትችል፣ ጥራዝ ስትሰፋ ጣቷ የቆሰለ ሴት ከምትታማ በቀር ሌላ ምን ይወራል? አንድ ቀን እርስዎ፣ ነይ ሁለት ሦስት ቃል ላስተምርሽ፣ ሆድሽ ይረፍ ብለውኝ ነበር። እኔ የወፍ ቋንቋ አልማርም አልኩ። እማማ ምን አለች ብለው ሲጠይቁዎት፣ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች፣ ሌላ ጊዜ ትማራለች ብለው እንዳለሰለሱልኝ ኋላ ገባኝ። ምስጋናዬን በገባኝ ቀን ማድረስ ነበረብኝ።

በአራተኛው ዓመት ወንድምዎን፣ በዚህ ቤት እኔ የማልሰማው ቋንቋ አይነገርም አልኩት። ሰውየውን ያውቁታል፤ ከመጨቃጨቅ ጫማውን መብላት ይመርጣል። እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ እማማ ሲመጡ ቤት ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጡና ሲነሡ እሱ ልሸኛቸው ብሎ ይወጣል። ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት። እኔ ከበሩ ኋላ ወንበሬን አስጠግቼ ጥራዜን እሰፋለሁ። እንደዚህ ሆነን አሥራ ሦስት ዓመት ኖርን። ማንበብ ያስተማረኝ ማንም እንደሌለ ያውቃሉ፤ ወንድምዎ በማተሚያ ቤቱ ፊደል እየለቀመ የሚደረድር ሠራተኛ ነበርና ከዚያ የተበላሹ ወረቀቶች ለመጠቅለያ ያመጣል፤ ከነሱ ላይ ነው አንድ በአንድ ለቅሜ የተማርኩት። መጀመሪያ የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው ታሪክ ስንቱን አነበብኩ። ከበር ኋላ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰውም ብዙ ነገር ይለቀማል።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ከቀዶ ጥገናው አምስት ቀን ቀደም ብሎ ያችው ስዕል የምታሳየው ሴት ክፍላችን መጣች። መነጽር ያላት፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ወንድምዎ ወዲያው ነው የወደዳት። ለሙከራ የድመት ስዕል አሳየችው፤ ድመት ናት፣ ግን በኛ ማተሚያ ቤት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለች ድመት ሳትታተም ትመለስ ነበር አላት። ሳቀች። ከዚያ ቅጽ አወጣችና ስንት ቋንቋ ይናገራሉ ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ለሱ ነበር። ግን ዕጢው ንግግሩን ማጓተት ጀምሮ ስለነበር ሰው ሲጠይቀው እኔ መመለስ ለምጄ ነበር። ሴትዮዋም አስረዳችኝ፤ ሁለት ቋንቋ ማለት በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ተከራዮች ማለት ነው አለችኝ፤ አንዳንዱን ክፍል በጋራ ይይዛሉ፣ አንዳንዱ ክፍል ግን የየብቻቸው ነው፤ አንዱን ብቻ ጠይቀን ከቆረጥን የሌላውን ቤት ልናፈርስበት እንችላለን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ስዕሉን ከመጀመሪያው ነው የምንደግመው፤ ሰዓቱ ይረዝማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም አለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ማን ያስረዳል? አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል።

«አንድ ብቻ» አልኩ።

ወንድምዎ አየኝ። ብዙ አላየኝም፣ ቁልፍ ለመቆለፍ የሚበቃ ያህል ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሆስፒታል ድረስ የቤቴን ሕግ ይዤ እንደመጣሁ ገብቶታል። ሴትዮዋ አንድ ብላ ጻፈች። እኔ ለራሴ፣ ራሱ ተከፍቶ የሚቆይበትን ሰዓት ለማሳጠር ብዬ ነው አልኩ። ለስንት ዓመት ይህችን ምክንያት እየቀባሁ ኖርኩ መሰለዎ። አሁን ሳሸታት የበሰበሰ ውሃ ትሸታለች።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በአራተኛው ቀን መናገር ጀመረ። ሻይ አለ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊው አለ፣ አጠገቡ የተኛውን ሰውዬ ማንኮራፋት እያስመሰለ አሣቀኝ። ሐኪሙ እጄን ጨብጦ አንዲት ቃል አልጎደለችበትም አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቤት ከገባን በኋላ እማማ መጡ። ያስታውሱ ከሆነ እርስዎ እስከ በሩ አድርሰዋቸው ወደ ሥራዎ ሄዱ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን።

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያችን የቀንድ ማበጠሪያቸውን አወጡና ባልተላጨው ወገን የቀረችውን ጠጉር ማበጠር ጀመሩ። እያበጠሩ ያወሩታል፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ጣራቸው ስለማፍሰሱ፣ ጎረቤታቸው ዶሮ ሰረቅሽኝ ብላ ስለጠረጠረቻቸው። እሱ ይሰማቸዋል፤ ስለ ዶሮዋ ሲነግሩት ፈገግ አለ። ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምንም የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ የለም። ደግሞ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ በኛ ቋንቋ «ጠፋብኝ» አለ። እሳቸው ደግሞ ይህን አይሰሙም።

እማማ እኔን ቀና ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምን አሉት መሰለዎ? ዛሬም እሷን ፈርተህ ነው? ይሁን በቃ፣ ና ወደ ደረጃው እንውጣ አሉት።

ተነሣ። ግድግዳውን እየያዘ፣ ራሱ በፋሻ እንደታሰረ ከእናቱ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ወደ ቦታዬ፣ ወደ በሩ ኋላ ሄድኩ። እዚያም ቃሉ አልመጣም። አለቀሰ። እሳቸው፣ ምን በድዬህ ነው ልጄ አሉት፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ አሉት። ከዚያ ተነሥተው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወረዱ። ማበጠሪያቸውን ደረጃው ላይ ረስተውታል።

እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። በሩን ከፍቼ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር፤ ተቆርጦበት ነው እንጂ ጠልቶዎት አይደለም የምትል። በሳቸው ቋንቋ ስድስት ቃል ናት። ቆጥሬያታለሁ። ግን ያችን ስድስት ቃል ማለት የአሥራ ሦስት ዓመቱን በር መክፈት ነው። ከዚያ በር ኋላ ተቀምጬ ቋንቋችሁን ስለቅም ደግሞ የራሴን ስም አንድ ቀን እንኳ በክፉ ሲነሣ አልሰማሁም እትዬ። ጉልበት ነው፣ ጣራ ነው፣ ዶሮ ነው። ይህ ለምን እንዳናደደኝ አሁንም ላስረዳዎ አልችልም።

ማታ ደውለው እናቴ ለምን እያለቀሰች ገባች ሲሉኝ ማውራት አልፈለገም አልኩዎት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ወንድምዎ ለምን ራሱ አልነገረኝም ይሉ ይሆናል፤ ከእርስዎ ጋር እንኳ በኛም ቋንቋ መግባባት ትችሉ ነበር። መጀመሪያ ይመለስልኛል ብሎ ነው። ሄጄ በገዛ አፌ እናቴን አስቃታለሁ ይል ነበር። ጧት ጧት የእማማን ማበጠሪያ ይዞ መስኮቱ ዘንድ ይቀመጣል። ያየዋል፣ ያገላብጠዋል። «ማበጠሪያ» ይላል፤ ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል፣ አይደለም ይላል። ሌላኛውን፣ በእናቱ ቋንቋ ያለውን ስሙን ነው የሚፈልገው። በሰባተኛው ወር እማማ በድንገት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ እርስዎ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቱን በዝምታ የገደለ ወንድም የለኝም» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ቤት ስንገባ ንገራት አልኩት፤ ያን ቀን እንኳ ራሴ ልንገራት አላልኩም። ከነገርኳት ለሐኪሞቹ ለምን አልነገራችሁም ብላ ትጠይቃለች፤ ተይው አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ለኔ ብሎ እህቱን አጥቶ፣ እንዳጣት ሞተ። የሱን ቀብር እርስዎ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አይተው ሄዱ። እኔ አይቼዎት ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት በዚያ አዳራሽ ከስዕሉ ቀጥሎ የቀዶ ጥገናውን ፊልም አሳዩ። ድምፁን ሰማሁት። ወንበር፣ ማንኪያ፣ መሰላል ይላል። ድመቷ መጣች፤ ያችው የታመመች ድመት አለ፤ አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ የማበጠሪያ ስዕል መጣ። ዘንጉ አንድ ቦታ አረፈ። ወንድምዎ በጠራ ድምፅ ሌላኛውን ስሙን ተናገረ። እማማ እንደሚሉት አድርጎ፣ መጨረሻው ላይ እንደሳቸው ሳብ አድርጎ። ሰው እንደገና ሳቀ። ሐኪሙ ፊልሙን አቆመና፣ እዚህ ላይ ታካሚው ትርጉም የሌለው ድምፅ አሰማ፣ ድካም ነው፣ ስዕሉን ስንደግምለት በትክክል መልሷል፤ ስለዚህ ቦታው ነፃ ነው ብለን ቆርጠነዋል አለ። ቀይዋ ዝንብ እዚያ ላይ አርፋ ትንቀጠቀጣለች።

ፊልሙ ሲቀጥል ወንድምዎ ቀስ ብሎ «ይቅርታ» አለ። ስዕል ለምታሳየው ሴት ያለ መስሏቸዋል። ራሱ ተከፍቶ እንኳ የቤቴን ሕግ በመጣሱ እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀው።

ሐኪሙን ተጸየፍኩት፤ ጣቱን፣ ቀለበቱን፣ ጭብጨባውን የሚጠብቅ ፊቱን። ብስኩት በላተኛዋን ተጸየፍኳት። ከዚያ መጸየፉ እየዞረ ወደ ቤቱ መጣ፤ እነሱስ የተነገራቸውን ነው የሠሩት፤ ቅጹ ላይ አንድ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ንግግሩ ሲያልቅ ከጎን በኩል አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ያችው ስዕል አሳዪ ናት፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ያ ድምፅ የሌላ ቋንቋ ቃል ሊሆን አይችልም ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ ባለቤታቸው እዚሁ ስላሉ ከሳቸው እንስማ አለ። ማይክ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ አመጡልኝ። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አየኝ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ያ ጥያቄ እንደገና መጣልኝ፤ ስንት ሰው ይህን ዕድል ያገኛል?

«አንድ ብቻ» አልኩ።

አጨበጨቡ። በመስተዋት የተከደነ የአንጎሉን ፎቶግራፍ ሰጡኝ፤ ሥር በኩል «ቋንቋው ሙሉ በሙሉ የዳነ» ተብሎ ተጽፎበታል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁ። ስወጣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ መሐረብ ይዛ ጠበቀችኝ። ማበጠሪያዋ ዘጠኝ ዓመት ከጆሮዬ አልወጣችም እሜቴ፣ የሚያውቁት ነገር አለ? አለችኝ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ምን አውቄ አልኳት። የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ አንጎል ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ያነበብኩ ሴት ነኝ። መሐረቡን ተቀብዬ አፌን ጠረግሁበት። ያ አፍ ነው ያስጠላኝ።

ትናንት ለሷ ጻፍኩላት። ረጅም አይደለም። ቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ሁለት ያርሙልኝ፣ ፎቶግራፉንም መልሻለሁ፣ ሌላ ሰው ሲመጣባችሁ ሚስቱን ሳይሆን ራሱን ጠይቁት ነው ያልኩት። ምናልባት ከሆስፒታሉ ወደ እርስዎ ይደውሉ ይሆናል። የፈለጉትን ይንገሯቸው፤ ስለኔ የሚናገሩት ምንም ነገር አይበዛብኝም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእማማን ማበጠሪያ ልኬያለሁ። ሁለት ጥርሱ የተሰበረው እኔ ዘንድ ሆኖ አይደለም፣ ቀድሞም እንዲያው ነበር። ይቅርታ አልለምንዎትም፤ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ወንድምዎ ለኔ ሲል ጨርሶታል። ልለምንዎ የምችለው አንድ ነገር ነው። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ያችን ስድስት ቃል በእናታችሁ ቋንቋ ጽፌያለሁ። ያስተማረኝ ስለሌለ ፊደሉ ቢሳሳት እርስዎ ያርሙት። ጉልበትዎ ሲሻልዎ እማማ መቃብር ይሂዱና ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ። የወለዱት ሁሉ ከፊትዎ ሲያወራና ሲስቅ ለመስማት ያብቃዎ። ልጆችዎ በሚያልፉበት ደረጃ ሁሉ በሩ ክፍት ይሁንላቸው።

ከበሩ ኋላ የነበረችው፣
የወንድምዎ ሚስት